ክቡር የማን ነው

የሰው ልጅ ለሁለት ይከፈላል፦ ጠረጴዛ ላይ ያገኘውን እስክሪብቶ አንስቶ የሚጽፍና፣ አንስቶ «የማን ነው?» እያለ ቢሮውን የሚያምስ። የመጀመሪያዎቹ ብዙ ነን፤ ኑሮም ይቀለናል። ሁለተኛዎቹ ግን ለየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ የተመደቡ ይመስል የትም ብትሄዱ አታጧቸውም። ለእኛ ቢሮ የደረሱን ክቡር «የማን ነው» ናቸው። ፊት ለፊት «አንተ» ነው የምላቸው፤ አንቱታው ለዚህ ጽሑፍ ማዕረግ ሲባል የተጨመረ ነው።

ክቡርነታቸው ሻይ ሲያምራቸው እንደ ሰው ኩባያ አንስተው አይቀዱም። ኩባያውን ከፍ አድርገው ይዘው በየክፍሉ እየዞሩ ባለቤቱን ያፈላልጋሉ። የማንም ስላልሆነ ሁላችንም ዝም እንላለን። የማንም ካልሆነ ደግሞ አይጠጡበትም፤ አጥበው ወደ ቦታው ይመልሱታል። በር ጥግ ጃንጥላ ተደርድሮ እያለ በዝናብ እየበሰበሱ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ስብሰባ አስቁመው ወንበር ላይ የተረሳ ጃኬት ባለቤት ፈለጉ። ባለቤቱ ራሳቸው ነበሩ።

ከሁሉ የባሰው የወንበሩ ጉዳይ ነው። መስኮቱ አጠገብ ጀርባ የሚደግፍ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ጥሩ ወንበር አለ። ይቀመጥበት የነበረው ባልደረባችን ሥራ ከለቀቀ ወዲህ ባዶውን ነው። ክቡርነታቸው ግን አንድ እግሩ በታጠፈ ወረቀት የተደገፈ ወንበር ላይ ወገባቸውን ይዘው ይውላሉ። ለምን ወደዚያኛው እንደማይዛወሩ የጠየቃቸው ሁሉ ያችኑ የታወቀች ጥያቄ ሰምቶ ይመለሳል።

እንግዲህ የእኛ ሥራ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ኮምፒውተር ሲበራ ሁሉን ነገር የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ማለት ነው። የእኔ ድርሻ በኔትወርክ የሚተላለፈውን መልእክት የሚመሰጥረውና የሚፈታው ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የማናውቀው ተመራማሪ በዚሁ ክፍል ክፍተት አግኝቻለሁ ብሎ ጻፈልን። በክፍተቱ የገባ ተራ ተጠቃሚ የኮምፒውተሩ ጌታ መሆን ይችላል። ክፍተቱን የሚያሳይ አጭር ፕሮግራምም ለማስረጃ አያይዞ ላከ፤ ዓርብ ለዓለም ሁሉ ይፋ እንደሚያደርገውም በትሕትና አሳወቀን።

አለቃችን ቁርጡን ነገረችን። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ፣ ሲስተማችንን የሚጠቀም ሁሉ ያንን ክፍል እንዲያጠፋው እናሳውቃለን። ታላቅ እህቴ የምትሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ የምርመራ ውጤት ከእሷ ወደ ክሊኒኮቹ የሚሄደው በዚሁ በተመሰጠረ መስመር ነው። ደውዬ ነገርኳት።

«እሱን ካጠፋችሁብንማ ውጤቱን በሰው እጅ ልንልክ ነው» አለችኝ። «የሚጠብቅ በሽተኛ አለ፤ መጠበቅ የማይችልም አለ።»

ስልኩን ስዘጋ ፈርቼ ነበር።

ክፍሉ የምስጠራ ስለሆነ ጥፋቱ ምስጠራው ላይ ነው ብለን ቁልፉን፣ መልእክቱ የሚመሰጠርበትንና የሚፈታበትን ምስጢራዊ ቁጥር፣ መመርመር ያዝን። ቁልፉን አገላበጥነው፣ ፈተንነው፣ አንዳች እንከን አጣንበት። ረቡዕ ከምሳ በኋላ ተስፋዬ ተሟጦ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጥኩ ክቡርነታቸው መጡ። የመጡት ሊረዱኝ አልነበረም፤ አንድ ቻርጀር አንጠልጥለው ባለቤቱን እየፈለጉ ነው። የኔ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ አልሄዱም። ኮዱ ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። ቶሎ እንዲሄዱልኝ ባጭሩ አስረዳኋቸው፦ መልእክቱ ተመስጥሮ ይመጣል፤ ጊዜ እንዳይባክን ወደ ሌላ ቦታ ሳንገለብጠው ሜሞሪ ውስጥ ባረፈበት እዚያው እንፈታዋለን፤ የተፈታውን እላዩ ላይ እንጽፍበታለን።

«ያረፈበት ቦታ የማን ነው?» አሉ።

«የመልእክቱ ነዋ።»

«ሁልጊዜ?»

ኮዱን ወደ ላይ ተመልሼ አነበብኩት። ሁልጊዜ አልነበረም። ላኪው ተንኮለኛ ከሆነ ያንን ቦታ ከአንድ ፋይል ሊዋሰው ይችላል፤ እንዲያነበው እንጂ እንዲጽፍበት ካልተፈቀደለት ፋይል። የእኛ ኮድ ደግሞ በተዋሱት ደብተር ላይ የቤት ሥራ እንደሚሠራ ተማሪ፣ ማንንም ሳይጠይቅ እዚያው ይጽፍበታል። ፋይሉ ለማን ምን እንደሚፈቀድ የሚወስነው ከሆነ፣ ነገር አለቀ። ቁልፉ ጤነኛ ነበር። የተበላሸው የምንፈታበት ቦታ ነው።

ማስተካከያው አጭር ነበር። ኮዱ ከመፍታቱ በፊት ቦታው የራሱ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ካልሆነ በራሱ ቦታ ላይ ገልብጦ ይፈታል። ጽፌ ስጨርስ ደስታዬ ሊያፈነዳኝ ደረሰ። ክቡርነታቸው ግን ገና እዚያው ቆመዋል።

«ግልባጩስ የማን ነው?» አሉ። «ሲያልቅ ማን ያነሳዋል?»

ደሜ ፈላ። የፈላው ግን ትክክል ስለነበሩ ነው፤ ግልባጩን የሚያነሳ ማንም አልነበረም። እንደዚያው ብንለቀው ሜሞሪው እየሞላ ሄዶ ኮምፒውተሩን ባፍጢሙ ይደፋው ነበር። ሳልወድ በግዴ ለግልባጩም ባለቤት ሰጠሁት። ሐሙስ የተመራማሪውን ማስረጃ ደጋግመን አስኬድነው፤ ፋይሉ ንክች አላለም። ማስተካከያው ያኑ ዕለት ወጣ።

ዓርብ ጠዋት እህቴ ደወለች። ኮምፒውተሮቹ ማስተካከያውን ተቀብለው፣ ጠፍተው በርተዋል፤ ውጤቱም እየሄደ ነው። «በሽተኞቹ ነገሩን አላወቁም» አለች። እፎይ አልኩ፤ ሳምንቱን ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሳልኝ።

ክቡርነታቸው ሲገቡ ያ በወረቀት የተደገፈ ወንበር ቦታው ላይ የለም። በምትኩ የመስኮቱ ወንበር ቆሟል። ዙሪያውን ዞሩት።

«ይሄ የማን ነው?»

«ያንተ ነው» አልኩት።

አላመነም። ወንበሩን ገልብጦ ሥሩን አየ፤ አለቃችን ስሙን ጽፋ ለጥፋበታለች። ደግሞ ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ደገፍ አደረገና ዓይኑን ጨፈነ። አንቱታውን እንደጣልኩ ያስተዋልኩት ያኔ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ዓይኑን ገለጠ።

«አሮጌውስ አሁን የማን ሊሆን ነው?»

ባለቤት ካልተገኘለት እንደማያርፍ አውቃለሁ። የኔ ነው አልኩት። ይህንን የምጽፈው አሮጌው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፤ ትንሽ ያወዛውዛል።