ሴናተሩ ቢሸነፉ ልጄ ትመጣለች

በምርጫ ሰሞን እግዚአብሔር ያሳዝነኛል። ግማሹ ሰው «አሸንፈው»፣ ግማሹ «ጣለው» እያለ ሲጮኽበት የቱን ይስማ? እኔ ደግሞ ብቻዬን ሁለቱንም የምል ሴት ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሳሮን ከሲያትል የአንድ ቀን መንገድ ርቃ፣ ከሰው ይልቅ ከብት በሚበዛበት የገበሬ ስቴት፣ ለአንድ ሽማግሌ ሴናተር ትሠራለች። እሳቸው ዘንድሮ ዳግም ካሸነፉ እዚያው ስድስት ዓመት ልትቀር ነው፤ ከተሸነፉ ሥራዋ ያበቃና ወደ እኔ፣ እዚሁ ሲያትል ኦቴሎ ሰፈር ትመለሳለች። ለእንጀራዋ ስል ያሸንፉ፣ ለሆዴ ስል ይሸነፉ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይሉ የለ? ሁለቱንም ባላ ጸሎቴ ውስጥ ተከልኳቸው።

ሳሮን ምኑን አውቃ! «ማሚ፣ ሰው አነሰን፤ ፕሊስ ትንሽ ሰው ኮል አድርጊልን» አለችኝ። እሺ አልኩ። ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራዬ ስመለስ፣ ያበጠ እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ የላከችልኝን የመራጮች ስልክ ዝርዝር ይዤ ተቀመጥኩ። ወረቀቱ «ስምዎን ይናገሩ፣ ሴናተሩን ይመርጡ እንደሆነ ይጠይቁ» ይላል። በቃ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ሽማግሌ ሰው ቤት ተደውሎ ጤና ሳይጠየቅ?

አንድ ገበሬ ስልኩን እንዳነሱ «ደግሞ መጣችሁ!» ብለው ጮኹ። በእንግሊዝኛ አንቱ ማለት ባይኖርም በድምፄ አንቱ አልኳቸው፤ ጤናቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ ከብቶቻቸውን በየተራ ጠየቅሁ። ከዚያ ስለታመመች ላማቸው ግማሽ ሰዓት አወሩኝ። በመጨረሻ «አንቺስ ለምን ትደክሚያለሽ?» ሲሉኝ መዋሸት አልሆነልኝም፤ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ከት ብለው ሳቁ። «እንግዲያው እኔም ሚስቴም አንመርጥም። ልጅሽን አስመጣንልሽ!»

አያችሁልኝ? እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ስልኩን መዝጋት ብቻ ነበር የቀረኝ። ግን ያን ሁሉ ክረምት በበረዶ እየነዳች በየገበሬው ደጅ የቆመችው ልጄ ፊቴ ድቅን አለችብኝ።

«የለም፣ እባክዎ ይምረጧቸው» ብዬ ለመንኳቸው። ስለ ሴናተሩ ከስማቸው በቀር ስለማላውቅ ስለ ሳሮን አወራሁላቸው።

«እሷው ብትወዳደር ይሻል ነበር» አሉና ቃል ገቡልኝ።

ሴናተሩ ለጥቂት አሸነፉ። ሳሮን እየጮኸች ደወለች፤ እኔም እልል አልኩላት፣ እውነቴን ነው፣ ከልቤ። ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግሁ። ስልክ ምን ያሳያል!

«ማሚ፣ ዩ ዌር ሶ ጉድ፣ በጣም ጎበዝ ነበርሽ! የዛሬ ስድስት ዓመትም ትደውይልናለሽ፣ ኦኬ?»

«ከኖርን» አልኳት።