የድረ ገጽ ስም ዘበኛው ወንድሜ

በየቤተሰቡ ሌባ ሳይመጣ «ሌባ! ሌባ!» የሚል ሰው አይጠፋም። የእኛው ታላቅ ወንድሜ ነው። መተዳደሪያው የፍሪጅ ጥገና ነው፤ ፍቅሩ ግን የድረ ገጽ ስም ነው። ሌላው ሰው መሬት ገዝቶ ያጥራል፤ እሱ ስም አስመዝግቦ ዘብ ይቆማል። እኛም ማዕረጉን አልነፈግነውም፤ ክቡር ዶት ኮም ብለን ሾመነዋል።

እሱ ባለበት ሐሳብ መተንፈስ አይቻልም። ጎረቤታችን አናጢው «አንድ ቀን የሕፃናት አልጋ ብቻ የምሸጥበት ሱቅ...» ብሎ ሳይጨርስ፣ ክቡርነታቸው ስልካቸውን አውጥተው ስሙን አስመዘገቡ። «ያዝኩልህ! ሌላው ቢቀድምህስ?» አናጢው ያንን ሱቅ እስከ ዛሬ አልከፈተም። እህታችን ስትወልድ ደግሞ ባልና ሚስት በልጅቷ ስም ሲከራከሩ ደረሰና ሁለቱንም ስሞች አስመዘገበ። «እናንተ ተጨቃጨቁ፤ የመረጣችሁትን ትወስዳላችሁ» አለ። ወይ ጉድ!

የእኔን የቬሎ ስፌት ቤት ስምም በኢሜይሌ ያስመዘገበልኝ እሱ ነው። ከዚያ ምክር አስከተለ፤ «ካልከፈልሽ ስምሽ ይጠፋል የሚል መልእክት ከመጣ አጭበርባሪ ነው። ሳትከፍቺ አጥፊው!» ታላቅ ወንድም ተናግሮ ማን እምቢ ይላል? የመጣውን ሁሉ ጠራርጌ አጠፋሁ።

አንድ ጠዋት የሙሽራ እናት ደወለች። «እኔ የምልሽ፣ ቬሎውን ትተሽ ጎማ መሸጥ ጀመርሽ እንዴ?»

ገጹን ብከፍት የመኪና ጎማ ተደርድሯል! ለካ ካጠፋኋቸው መልእክቶች መካከል እውነተኛው የየዓመቱ የስም እድሳት ክፍያ ማሳሰቢያም ነበረበት። ስሙ ሳይታደስ ሲቀር አንድ የድረ ገጽ ስም ነጋዴ አፈፍ አድርጎ የጎማ ማስታወቂያ ለጥፎበታል። ሙሽሮቼ የሚያዙኝ በዚያው ገጽ ነው፤ እሱ ከሄደ ሱቄም አለቀለት። እየሮጥኩ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ሳትከፍቺ አጥፊ ያልከኝ አንተ ነህ! ጉድ ሠራኸኝ!»

ወንድሜ መፍቻውን አስቀምጦ፣ እጁን ጠርጎ፣ ነጋዴውን አፈላልጎ ደወለለት። ነጋዴው ገንዘብ አልፈለገም። የፈለገው ወንድሜ የያዛትን «ቤት ዶት ኮም»ን ነው፤ ስንት ደላላ ደጅ የጠናባትን፣ እሱም «የጡረታዬ ናት» እያለ የመለሰባትን። በጭራሽ አይሰጥም አልኩ በልቤ።

«ውሰዳት» አለ፣ ሳይከራከር። «የእህቴን ስም ዛሬውኑ መልስ።»

ስልኩን ሲዘጋ እንባዬ መጣ። «ጋሼ፣ ጡረታህስ?»

«አንቺ እያለሽ?» አለና ወደ ፍሪጁ ጎንበስ አለ። «ትጦሪኛለሽ።»

እጦረዋለሁ እንጂ፣ ያውም ደስ እያለኝ! ትናንት ደግሞ የሕፃናት ልብስ ልጀምር ነው ብዬ ዋሸሁት። ምንም የምጀምረው የለም፤ ስልኩን እያወጣ ፊቱ ሲበራ ማየት አምሮኝ ነው።