የጭቃው የዕድገት ማዕከል

ተረቴን ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅና፣ ጅራት ያለውም ጅራቱን ሰብስቦ ይቀመጥ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ኮሚቴ ማቋቋም ገና በተማሩበት ዘመን፣ በአንድ ጫካ ውስጥ የሚኖሩ ዝሆኖች ሰፊ መንገድ ሊጠርጉ ተስማሙ። «ጉልበታችን የሚችለው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ አትጠይቁን» አሉ። ንጉሡ አንበሳም መንገዱ ወደ ዕድገት ማዕከል እንደሚሄድ አወጀ። የዕድገት ማዕከል ምን እንደሆነ የገባው አንድም እንስሳ አልነበረም፤ ቢሆንም ሁሉም አጨበጨበ።

ከማንም በላይ ደስ ያላት እመት ኤሊ ነበረች። ከትልቁ ዓለት ሥር ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ምንጭ አለ፤ በጋ ሲገባ ጫካው በሙሉ የሚጠጣው ከዚያ ነው። ምንጩን ግን ጥቅጥቅ ያለ እሾህ ከቦታል። ሚዳቋ ዘላ ታልፋለች። ኤሊ ግን በወዲያኛው በኩል እስካለው መግቢያ ዙሪያውን ስትሄድ ሰባት ቀን ይፈጅባታል። ባለፈው በጋ ባሏ ያንን ዙሪያ ሲዞር በውሃ ጥም መንገድ ላይ ቀርቷል።

ስለዚህ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ማዕከሉ የት እንደሆነ እንዲወስን የተቋቋመው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጦጣ ዘንድ ሄደች።

«እመት ጦጢት፣ በሞቴ! መንገዱን ወደ ምንጩ አድርጉት። እንደ ባለቤቴ ሌላ ሰው መንገድ ላይ አይቅር።»

«እናቴ፣ አዝናለሁ፤ ግን እኛ በስሜት አንሠራም፣ መስፈርት አለን» አለች ጦጣ። «ዱካ እንቆጥራለን። ዱካ የበዛበት ቦታ እንስሳ በዝቶበታል ማለት ነው።»

ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ኤሊም ተስፋ አድርጋ ተመለሰች።

ኮሚቴው ለጉብኝት ወጣ። ኮሚቴ ደግሞ መቼም ብቻውን አይወጣም፤ መቶ ጎሽ አጀበው፣ ጅብም ግብዣ አይጠፋም ብሎ ከኋላ ተከተለ። መጀመሪያ እሾሁን ዞረው ምንጩ ጋ ደረሱ። ስልሳ የሚሆኑ እንስሳት ውሃ ይጠጣሉ። ጦጣ ግን ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። መሬቱ ጥርብ ድንጋይ ነው።

«ዱካ፣ ዜሮ» አለች።

አንዲት ሚዳቋ አፏ ውሃ እንደያዘ ቀና አለች። «እኛስ?»

«እናንተማ እንስሳ ናችሁ። መስፈርቱ እንስሳ ቁጠሩ አይልም።»

ቀጥለው ከርከሮ የሚኖርበት ረግረግ ደረሱ። ጎሾቹ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ሰመጡ። ሲወጡ፣ ሲገቡ፣ ሲገፋፉ ግማሽ ቀን ሄደ። መጨረሻ ላይ ጦጣ ዛፍ ላይ ወጥታ ጭቃውን ስታየው ጮቤ ረገጠች።

«አራት ሺህ ዱካ! ይኸውላችሁ የዕድገት ማዕከል!»

ከርከሮ ግራ ገባው። «እመቤቴ፣ እዚህ የምንኖረው እኮ እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን። ይሄ የእናንተው እግር ነው።»

«ትሕትናህን ወድጄዋለሁ» አለችና እዚያው ከንቲባ አድርጋ ሾመችው።

ዝሆኖቹ መንገዱን እስከ ጭቃው ጠረጉ፤ እውነት ለመናገር የሚያምር መንገድ ነበር። አንበሳው በምረቃው ዕለት ሐረግ ቆረጠ፣ ረጅም ንግግርም አደረገ። የከንቲባው ሚስት ለእንግዶቹ የምታቀርበው ቢጠፋት ጭቃ አቀረበች፤ ጅብ ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

በጋ ገባ። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ከንቲባው ሳይቀር ሚስቱን ይዞ ወደ ምንጩ ተሰደደ። ሰፊው መንገድ ላይ ከነፋስ በቀር የሚሄድ ጠፋ።

አንድ ቀን ንጉሡን ራሱን ውሃ ጠማው። ጦጣን አስከትሎ እሾሁን እየጣሰ ሄደ፤ ግማሹን ጎፈሩን እሾሁ አስቀረበት። ምንጩ ጋ ሲደርስ ጫካው በሙሉ እዚያ ነው። ኤሊም ሰባት ቀኗን ጨርሳ ገና መድረሷ ነበር፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«ይህ ሁሉ ሕዝብ እዚህ እንዳለ ለምን አልተነገረኝም?» ብሎ አገሳ።

ጦጣ ደንግጣ አጎነበሰች፤ ዓለቱን ወዲያ ወዲህ አየች። «ንጉሥ ሆይ፣ በመስፈርቱ መሠረት እዚህ ማንም የለም።»

አንበሳው እሱም ድንጋዩን አየ። አንድም ዱካ አጣ።

«እውነትም ማንም የለም» አለና ሊጠጣ ጎንበስ ሲል ኤሊ ከፊቱ ቆመች። ከዚያ በፊት ንጉሥ ፊት ቆማ አታውቅም።

«ማንም ከሌለማ ጌታዬም አልመጡም» አለችው። «ካልመጡ ደግሞ ምን ይጠጣሉ? በሉ፣ በሰፊው መንገድዎ ይመለሱ።»