ደጃችን የመጣችው ኪዳነ ምሕረት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ የሰፈራችን ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን እናቴን ልትሳለም ቤታችን ድረስ መጣች።

እናቴ ወይዘሮ አስካለ ወረርሽኙ ከያዛት ወዲህ ከጓዳ አልወጣችም። ምግቧን ከበሩ ሥር አስቀምጬ እርቃለሁ፤ እሷ አንሥታ በሩን መልሳ ትዘጋለች። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስለማትችል በየማለዳው ደወል ሲደወል ከውስጥ ሆና የጓዳውን በር ትሳለማለች። ግንባሯ ሳንቃውን ሲነካ ከውጭ ይሰማኛል። በደህና ማደሯን የማውቀው በዚያ ነው።

በሕልሜ ግን ጠራራ ፀሐይ ነበር። ሰፈሩ ተገለባብጧል። ቀሳውስቱ በየምእመኑ ደጅ ተሰልፈው ቡራኬ ይጠብቃሉ። ነዳያኑ ወንበር ላይ ተቀምጠው ለባለመኪኖቹ ሳሙና ይመጸውታሉ። የነፍስ አባታችን መምሬ ላቀው ከሰልፉ ፊት ወጥተው እግሬ ሥር ሊወድቁ ቃጡ።

“ይፍቱኝ፣ ልጄ የሺመቤት።”

“እኔ? በምን ሥልጣኔ፣ አባቴ?”

“ጭንብል ያደረግሽው አንቺ ነሻ! ደግሞ ራቅ በይ፤ ንስሐ በሁለት ሜትር ነው።”

ከኋላቸው ኪዳነ ምሕረት ብቅ አለች። የመብራቱን ሽቦ ጉልላቷን ዝቅ አድርጋ አለፈችው። ዋናውን በሯን በነጠላ ሸፍናለች። መንገድ ላይ ደወሏን ሳል ያዘው፤ ክርን ስለሌለው አፉን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሳለ። ጎረቤታችን ጋሽ ዘለቀ አንገታቸውን ከአጥሩ በላይ አወጡ።

“አጥሬን እንዳትነካብኝ በያት! ቀለሙ ገና አልደረቀም!”

ደጃፋችን ስትደርስ የድንጋይ ደረጃዎቿን እንደ ጫማ አውልቃ ከመግቢያው ዳር አስተካክላ አስቀመጠች።

“ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?”

የሙቀት መለኪያውን አንሥቼ ጉልላቷ ላይ አነጣጠርኩ። መሣሪያው ጮኸ።

“ትኩሳት አለብዎት። አይገቡም።”

“ትኩሳት አይደለም፣ ልጄ። ውስጤ ጧፍ በርቶ ነው።”

“መመሪያ ነው።”

“የማን መመሪያ?”

“የራስዎ! ከበርዎ ላይ የተለጠፈው ነዋ!”

በባዶ እግሯ ፀሐይ ላይ ቆመች።

“የሺ፣ ማነው የመጣው?” አለች እናቴ ከጓዳ።

“ማንም የለም፣ እማዬ።”

“ውሸታም! ደወሏ ሊጠፋኝ ነው? ክፈቺላት።”

ኪዳነ ምሕረት ነጠላዋን ከበሯ ላይ ገለጥ አደረገች። ከመቃኑ አንዷ ድንጋይ ከሌሎቹ ለይታ ለስልሳ ታብረቀርቃለች።

“እይው፤ ይህ የአስካለ ከንፈር ነው” አለችኝ። “ዕድሜዋን ሙሉ ስትስመኝ አንድ ቀን እንኳ መልሼ አልሳምኳትም። አሁን ስትቀርብኝ ጊዜ አንጀቴ አልችል አለ። አንዴ ስሜያት እሄዳለሁ።”

“እሺ፣ ቁልፉን ላምጣ” አልኩ።

ኪሴን ፈተሽኩ፤ ሳሙና ብቻ ነው። የመምሬ ላቀውን ቀሚስ ልፈትሽ ስጠጋ “ሁለት ሜትር! ሁለት ሜትር!” እያሉ ሸሹኝ። በመጨረሻ ቁልፉን ከደወሉ አፍ ውስጥ አገኘሁት። ግን እጄ በሳኒታይዘር ረጥቦ ነበርና ሙልጭ ብሎ ወደቀ። አጎንብሼ መሬቱን ስዳብስ ፀሐይዋ ጠለቀች። እናቴ ከውስጥ “ኧረ ቶሎ በይ፣ የሺ” ትላለች፤ ድምፅዋ ግን በእያንዳንዱ ጥሪ ይቀንሳል።

“ቅዳሴ ደረሰብኝ” አለች ኪዳነ ምሕረት። ደረጃዎቿን ተጫማች። ፊቷን አዞረች።

“ቆዩ! አገኘሁት! እባክዎን ቆዩ!”

ተከትያት ሮጥኩ።

ነቃሁ። ከጓዳው ደጃፍ ከወንበሩ ላይ ነኝ። ነግቷል። ደወሉ ይደወላል፤ ድምፅ ማጉያውም ምእመናን በያሉበት ሆነው እንዲጸልዩ ያሳስባል። የእናቴን ግንባር ድምፅ ጠበቅኩ። ደወሉ አበቃ።

“እማዬ?”

ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ጠራኋት። ከዚያ ተነሣሁና በሩ ፊት ቆሜ ኪሴን መፈተሽ ጀመርኩ፤ ቁልፍ ፍለጋ። ያ በር ከተሠራ ጀምሮ ቁልፍ ኖሮት አያውቅም።