«ጮራ በተራራ» በሙሉ ድምፅ ስለመመረጡ

ሕዝብ የሚወደውን ዘፈን በነፃነት የሚመርጥበት ቀን ከብዙ ኬላ በኋላ ይመጣል። ለመርሳ ይህ ታላቅ ቀን የመጣው መብራት በተመለሰ በሳምንቱ ነበር። ዱቄቱና መድኃኒቱ ገና መንገድ ላይ ስለነበሩ፣ ስሙን ለክብሩ ስንል የማንጠቅሰው ጽሕፈት ቤት አጣዳፊውን ጉዳይ አስቀደመ፦ ያለፈው ዓመት ተወዳጅ ዘፈን ይመረጥ።

ሚስባህ መናኸሪያው በር ላይ በሜሞሪ ዘፈን እየጫነ የሚተዳደር ሰው ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ኮምፒውተሩን ጭድ ውስጥ ቀብሮ አትርፏል። ከመርሳ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ስልክ ይፈተሽ ነበርና፣ ጠዋት ያስመሰገነ ዘፈን ኬላው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲያልፍ ማታ ያስደበድባል። ደንበኞቹ መጀመሪያ አስጫኑ፤ ቀጥሎ አስጠፉ፤ በመጨረሻ ከነጭራሹ ዘፈን እንደማይወዱ ማሉ።

አሁን ግን ባጃጅ ድምፅ ማጉያ ጭኖ ከተማውን ዞረ፦ «ማንኛውም ነዋሪ ያለ ማንም ተጽዕኖ ኃላፊው ፊት ቀርቦ የሚወደውን ዘፈን ጮክ ብሎ ይናገር። ለምሳሌ፦ ጮራ በተራራ።»

እንዲህ የሚባል ዘፈን የለም። ለምሳሌ ያህል ስሙን የፈጠሩት ኃላፊው አቶ ተፈራ ናቸው። ሕዝቡ ግን ኬላ ያስተማረው ሕዝብ ነው። መጀመሪያ የገቡት አቶ በላይ የኃላፊውን ፊት አየት አደረጉና «ጮራ በተራራ» አሉ።

«ግጥሙን ነው የወደዱት ወይስ ዜማውን?»

«እርስዎ የቱን ወደዱት?»

ከአቶ በላይ በኋላ የገባ ሁሉ በር ላይ «ምን አልክ?» እየተባባለ ገባ። እስከ ማታ ሌላ ዘፈን አንድም ድምፅ አላገኘም። አቶ ተፈራም «በሙሉ ድምፅ» ብለው ለበላይ አካል ሪፖርት ካደረጉ በኋላ ሚስባህን አስጠሩ።

«ዘፈኑን ለሽልማቱ ቀን ይዘህ ቅረብ።»

«ጋሼ፣ እንዲህ የሚባል ዘፈን የለም እኮ።»

«ሕዝብ የመረጠውን የለም ትላለህ? አጥፍተኸው ነው እንጂ። ማን አስጠፋህ?»

አቶ ተፈራ መልስ ሳይጠብቁ ማኅተማቸውን ከመሳቢያ አወጡ።

«ካላመጣኸው ሱቅህ ይታሸጋል።»

ጭድ ያተረፈውን ሱቅ ማኅተም እንዳይበላበት፣ ሚስባህ የአራት ደቂቃ ባዶ ድምፅ ቀድቶ ስሙን «ጮራ በተራራ» አለው። በሽልማቱ ቀን ከፈተው። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ድምፅ ማጉያውም እንዲሁ። ሰው ሁሉ ወደ አቶ ተፈራ ዞረ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን መነቅነቅ ጀመሩ፤ አዳራሹም አብሮ ነቀነቀ። አቶ በላይ እንባቸውን ጠረጉ።

«ድምፁን ትንሽ ጨምረው» አሉ አቶ ተፈራ።

ሚስባህ ጨመረ። ተጨበጨበ።

በማግስቱ የማንጎ ነጋዴዋ እትዬ ዘሀራ ስልካቸውን ባንኮኒው ላይ አኖሩ።

«ያንን የትናንቱን ጫንልኝ።»

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ባዶ እኮ ነው።»

«ጆሮ የለኝም እንዴ ልጄ? ዘፈን ይዤ ስሄድ አንዱ ኬላ ይቆጣል። ሳልይዝ ስሄድ አጥፍተሽ ነው ይሉኛል። ይሄ ግን ስም አለው፣ ነገር የለውም። የትም ያልፋል።»

ከእሳቸው ኋላ የተሰለፈው ሰው መናኸሪያውን ሞልቶታል። መሐል ላይ፣ ወልድያ ለስብሰባ የተጠሩት አቶ ተፈራ ቆመዋል። ተራቸው ሲደርስ ስልካቸውን አቀበሉትና ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እሱን ጫንና ሌላውን ሁሉ አጥፋው።»

«ማን አስጠፋህ ቢሉኝስ፣ ጋሼ?»

አቶ ተፈራ ግራ ቀኙን አዩ።

«ሕዝብ በላቸው።»