የትኛው ባት?

ሰዎች፣ ዛሬ ፉትስክሬይ ሰፈር የሚገኝ አንድ ክሊኒክ መሃል ቆሜ እጆቼን እንደ ክንፍ አርገበገብኩ።

አዎ፣ እኔ! ፒዛ በስልክ ማዘዝ የሚያስፈራኝ ሰው!

በጣም ደክሞኛል፤ ግን ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ክፍል ያከራዩኝ እትዬ ብርቄ ጓሯቸው ውስጥ የበለስ ዛፍ አላቸው። ፍሬውን ወፍ እንዳይጨርስባቸው መረብ አልብሰውታል። ዛሬ ጠዋት አንዲት ትልቅ የሌሊት ወፍ መረቡ ውስጥ ተጠላልፋ አገኟት። እኔ ስደርስ በባዶ እጃቸው ፈትተው ለቀዋታል። እሷም ለምስጋናው አውራ ጣታቸውን ቧጭራ በረረች።

«እትዬ! ደም!»

«እሾህ ከዚህ ይብሳል። ነፍስ አይደለች እንዴ? ታንቃ ትሙት?»

እኔ ደግሞ የተማርኩት ማይክሮባዮሎጂ ነው። (የምሠራው ዲር ፓርክ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ በሺፍት። እሱን ተዉት።)

የሌሊት ወፎች ለሰው አደገኛ የሆኑ ቫይረሶችን ተሸክመው፣ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ምንም ሳይሆኑ ይኖራሉ። እዚህ ፈረንጅ አገር ካሉት አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ የቅርብ ዘመድ ነው። ያለባቸው ጥቂቶቹ ናቸው፤ ግን የትኛዋ እንዳለባት በዓይን አይለይም። ክትባት ቶሎ ከተወሰደ ይከላከላል። በሽታው አንዴ ከጀመረ ግን መድኃኒት የለውም።

ይህን ሁሉ ጣታቸውን በሳሙና እያጠብኩ፣ ቧንቧውን ሳልዘጋ አስረዳኋቸው።

«የእብድ ውሻ?» አሉኝ። «ውሻ የት አየሽ?»

ክሊኒክ ለመሄድ እሺ ያሉት እንኳ ለእኔ አዝነው ነው። ፊቴ አመድ መስሎ ነበር።

መጠበቂያው ክፍል ሰው ሞልቶታል። እኔ ሰው ፊት ጮክ ብዬ አላወራም። ስለዚህ ጆሯቸው ላይ ጠጋ ብዬ አንሾካሾክሁ፦ «እትዬ፣ በእንግሊዝኛ ባት ነው። ሐኪሙ ምን ሆኑ ሲልዎት፣ ባት ይበሉ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ባት?»

«አዎ፣ ባት።»

«እሺ፣ ካልሽ።»

ስማቸው ሲጠራ ሪሴፕሽኒስቷ ዘመዳቸው እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ጥንቁቅ ሰው አይደለሁ? «አይደለሁም» አልኩ። አብሬ ልግባ ማለት ነበረብኝ። ከአፌ አልወጣም።

ብቻቸውን ገቡ። ፊታቸው በርቶ ወጡ!

«ተባረኪ ልጄ! ስንት ዘመን ያሰቃየኝን ቁርጥማት! ቀሚሴን ገለጥ አድርጌ ባቴን አሳየሁት። ቅባት አዘዘልኝ።»

ባታቸውን።

የእግራቸውን ባት!

«ጣትዎስ?»

«ስለ ጣት መቼ ነገርሽኝ? ባት አልሽኝ፣ ባት አሳየሁ።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ዲግሪ ይዤ አንድ ቃል ማስተላለፍ አቃተኝ።

ወደ ሪሴፕሽኒስቷ ሄድኩ። በእንግሊዝኛ፣ በዚያችው በማትሰማ ድምፄ፣ «ይቅርታ፣ እግራቸውን አይደለም፣ እጃቸውን ነው። ባት ነው» አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ማን ነው የመታቸው?»

ለካ በእንግሊዝኛ ባት የክሪኬት ጨዋታ ዱላም ነው!

«አይ፣ ማንም… ጓሮ ውስጥ ነው…»

«ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?»

«ከእኔ ጋር።»

 ዓይኗ እጆቼ ላይ አረፈ።

እትዬ ብርቄ በዚህ መሃል ቅባቴን ልግዛ ብለው በሩን ከፍተዋል። አውቃቸዋለሁ፤ አንዴ ከወጡ በገመድም አይመለሱ። አንድ እግራቸው ውጭ ነው። ያቺ ወፍ ቫይረሱ ኖሮባት ቢሆንስ?

«ዱላ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «የምትበረዋ! የምትበረዋ ባት!»

ቃል ሲያጥረኝ ነው እጆቼ የተነሱት። አርገበገብኩ። ደጋግሜ!

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

አንድ የሐበሻ ሕፃን «ማሚ፣ ሺ ኢዝ ኤ ዳክ!» አለ፤ ዳክዬ አደረገኝ።

እናቱ በአማርኛ፣ «ዝም በል፣ አሟት ነው» አለችው። ሁሉንም ሰማሁ፣ እህቴ።

ግን ሐኪሙም ሰምቶ ወጣ። እትዬን ከበር መለሳቸው። ጣታቸውን አይቶ ወዲያው ስልክ አነሳ። በዚህኛው ዙር እኔም ሳልጠየቅ ገባሁ። ክትባቱ እስኪመጣ ጠበቅን፤ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን ተወጉ። «ደግ አደረግሽ ማምጣትሽ» አለኝ ሐኪሙ። ስለ ክንፉ ምንም አላለም፤ እግዜር ይስጠው።

አውቶቡስ ውስጥ እትዬ ብርቄ የታሸገ ጣታቸውን እያዩ ቆዩ። ቀልዱ ጠፍቷል።

«እውነት ሊገድለኝ ይችል ነበር?»

«ይችል ነበር፣ እትዬ።»

መስኮቱን ተመለከቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ እንዲያ መጮህ እያወቅሽ፣ መጀመሪያውኑ ምን ያንሾካሹክሻል?»

 ሰፈራችን ያራቪል እስክንደርስ መልሱን አሰብኩ፣ አሁንም እያሰብኩ ነው። ሰው እንዳያየኝ ብዬ ሰው ልገድል ነበር እኮ!

ክትባቱ ገና አላለቀም፤ ወደዚያው ክሊኒክ፣ ወደዚያችው ሪሴፕሽኒስት ገና እንመላለሳለን። እስከዚያ ለእትዬ ምን ብዬ ልመልስላቸው?

ኮሜንት ላይ ንገሩኝ። በኢንቦክስ መጥታችሁ እንዳታንሾካሹኩ።