ሰባት ቤት ሲቆጠር

ሰው በሕይወት ሳለ የሚሾመው አለቃው ነው፤ ከሞተ በኋላ የሚሾመው ግን የልጅ ልጁ ነው። ሲያትል ያለነውን የባላባት ዘሮች ብዛት ያየ ሰው፣ ለመሆኑ ያን ጊዜ መሬቱን ማን ያርሰው ነበር? ማለቱ አይቀርም።

እኔም የራሴን ሾሜያለሁ። አባቴ ያወረሰኝ ዳዊት አለ፤ ከሽፋኑ ቀጥሎ ባለው ባዶ ገጽ ላይ የቤተሰባችን ልደትና ሞት በቀለም ተጽፏል። የቅድመ አያቴ አባት ስም ግን ደብዝዞ ጠፍቶ ነበር። አንድ ዝናባማ ቀን፣ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ፣ እዚያች ቦታ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ፊታውራሪ አዳፍሬ» ብዬ ጻፍኩ። የአውራጃችን ስመ ጥር ሰው ናቸው፤ ማን ይጠይቀኛል? እያደር እኔው ራሴ አመንኩት። ጠዋት ጠዋት መንገዱ ተጨናንቆ ስቆም፣ ፊታውራሪ በበቅሎ ሆነው በመኪኖቹ መሃል ቀስ እያሉ ሲያልፉ ይታዩኝ ነበር። እጅ እነሳለሁ፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ክላክስ ያደርጋል።

ታዲያ ልጄ ሜሮን ሬድመንድ ከተማ ባለው መሥሪያ ቤቷ የተዋወቀችውን ናሆምን ላገባ ነው አለች። ልጁ ጨዋ ነው፣ ወላጆቹም ያገራችን ሰዎች። የነፍስ አባታችን አባ ግን፣ ያንድ አውራጃ ልጆች ስለሆናችሁ መጀመሪያ ሰባት ቤት ይቆጠር አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ሬንተን፣ የናሆም አባት አቶ ሙሉጌታ ቤት ተሰበሰብን። እሳቸው ቤተሰባቸው ያሳተመውን የትውልድ ሐረግ መጽሐፍ አመጡ፤ እኔ ዳዊቴን። አባ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግተው ሽቅብ ቆጠሩ። አምስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። በሁለቱም ፊታውራሪ አዳፍሬ!

«ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ ይህ ጋብቻ አይሆንም» አሉ አባ። ሜሮን ወደኔ ዞራ፣ «ዳዲ፣ ሲሪየስሊ? የሞተ ሰው ነው ዌዲንጌን ካንስል የሚያደርገው?» ብላ አለቀሰች።

ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፤ እኔን ባንድ ወገን ፊታውራሪ፣ ባንድ ወገን ልጄ ሳቡኝ። እውነቴን ነው፣ ፊታውራሪ አሳዘኑኝ። ስንት ዓመት አብረን ኖረናል! በመስኮቱ ሳይ፣ የበቅሏቸውን ልጓም ይዘው ካፊያው ውስጥ ቆመው «አደራህን፣ እንዳትክደኝ» የሚሉኝ መሰለኝ። የልጄን እንባ ግን አልቻልኩም። ተነሥቼ የእስክሪብቶውን ነገር ተናዘዝኩ።

አቶ ሙሉጌታ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና «ተመስገን!» አሉ። ለካ መጽሐፉ ሲዘጋጅ ሐረጉ ሳሳ ቢልባቸው ፊታውራሪን ያስገቧቸው እሳቸው ራሳቸው ኖረዋል! «እንዴት ብዬ ልናገር እያልኩ ላብ አጠመቀኝ» አሉ።

አባ ደጋግመው አማተቡ። ከሁለቱም መጽሐፍ ላይ ፊታውራሪን በእርሳስ ሰርዘው እንደገና ቆጠሩ፤ የሚያገናኝ ሌላ ስም ስላላገኙ ልጆቹን መረቁ። ያን ሁሉ የአውራጃ ሰው ወለዱ የተባሉት ፊታውራሪ አዳፍሬ ግን፣ በአንዲት ቅዳሜ ከሰዓት መካን ሆነው ቀሩ።